ግሉቫይን፤ በበዓለ ልደት ሰሞን ትኩሱን የወይን ጠጅ በቤት ስለ ማዘጋጀት

በጀርመን አገር ቀኑ እጅግ በሚያጥርበትና በሰሜኑ ክፍል ፀሐይ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ በምትጠልቅበት በታኅሣሥ ሰሞን፣ በየከተማው አደባባይ፣ ይልቁንም በየካቴድራሉና በየማዘጋጃ ቤቱ ፊት፣ ከእንጨት የተሠሩ ትናንሽ ሱቆች ይተከላሉ፤ ከሱቆቹም መካከል የቀረፋና የቅርንፉድ፣ የብርቱካን ልጣጭና የትኩስ የወይን ጠጅ መዓዛ ሲወጣ፣ መንገደኛው ሁሉ፣ ሽማግሌውም ጐልማሳውም፣ እጁን በኩባያው ግለት እያሞቀ በብርድ ቆሞ የሚጠጣው መጠጥ ግሉቫይን ይባላል። ይህን መጠጥ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ምድጃው ላይ አዘጋጅቶ ለቤተ ሰቡና ለእንግዶቹ ሊያቀርብ ለሚወድ አንባቢ፣ ሥራው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚከናወን በቅደም ተከተል ለመግለጽ ይህን ጽፈናል።

ጀርመኖች ከልደት በዓል አስቀድሞ የሚውሉትን አራት እሑዶች አድቬንት ብለው የጌታን መምጣት በተስፋ የሚጠባበቁበት ዘመን አድርገው ያከብሯቸዋል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ እየተባሉ የሚዘከሩት ሰንበታት ልደትን እንደሚቀድሙ ሁሉ፣ በእነርሱም ዘንድ እያንዳንዱ እሑድ ሲደርስ ከለምለም ቅጠል በተጐነጐነ አክሊል ላይ አንድ ሻማ ይበራል፤ የዚህንም አክሊል ልማድ በ1839 እ.ኤ.አ. በሃምቡርግ ከተማ ለችግረኞች ልጆች ባቋቋመው ቤት የጀመረው ዮሐን ሂንሪኽ ቪኸርን የተባለው የሃይማኖት ሊቅ ነው። የገና ገበያዎቹም የሚከፈቱት በዚሁ ዘመን ሲሆን፣ ከእነርሱ መካከል የድሬስደኑ ሽትሪትሰልማርክት የሳክሶንያው መስፍን ዳግማዊ ፍሬድሪክ በ1434 እ.ኤ.አ. በሰጠው ፈቃድ የተመሠረተ ነው፤ የኑርንበርጉ ክሪስትኪንድለስማርክት ደግሞ ከ1628 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጽሑፍ ይታወቃል።

ቅመም የገባበት የወይን ጠጅ ግን ከእነዚህ ገበያዎች ሁሉ የሚቀድም ነገር ነው። በመኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን በምዕራፍ 8 ስሙ ተነሥቶ እናገኘዋለን፤ ሮማውያንም በአፒኪዩስ ስም በሚጠራው የምግብ መጽሐፋቸው የወይን ጠጅን ከማር፣ ከቁንዶ በርበሬ፣ ከሳፍሮንና ከተምር ጋር የሚያዋሕዱበትን ሥርዓት ጽፈው ትተውልናል። በሳክሶንያ ራውግራፍ ቫከርባርት የተባለው መኰንን በ1834 እ.ኤ.አ. የጻፈው የዝግጅት መመሪያ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል፤ ይኸውም ዛሬ ብዙ ሰው ግሉቫይን ሲባል ከሚያስበው ከቀዩ ሳይሆን ከነጩ የወይን ጠጅ የሚዘጋጅ፣ ሳፍሮንና አኒስ፣ ሮማንም የሚገቡበት ነበር። ተዘጋጅቶና በጠርሙስ ታሽጎ የሚሸጠው ግሉቫይን የመጣው በቅርብ ጊዜ ነው፤ በ1956 እ.ኤ.አ. በአውግስቡርግ ከተማ ሩዶልፍ ኩንትስማን የተባለ ነጋዴ ይህን ሲጀምር፣ የዘመኑ ሕግ በወይን ጠጅ ላይ ስኳር መጨመርን ይከለክል ስለ ነበረ የገንዘብ መቀጫ ከፍሏል። ዛሬ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ራሱ ለመጠጡ ድንበር አበጅቶለታል፤ በዚህ ስም የሚሸጠው መጠጥ ከወይን ጠጅ ብቻ የተሠራ፣ ዋና ቅመሙ ቀረፋ ወይም ቅርንፉድ የሆነ፣ አልኮሉም ከመቶ 7 እጅ የማያንስ መሆን አለበት፤ ለማጣፈጫው ከሚያስፈልገው በቀር ውሃ መጨመርም ክልክል ነው።

ይሁን እንጂ በጠርሙስ የሚሸጠው ሁሉ በዚህ ሕግ ቢጠበቅም፣ ብዙው ከመጠን በላይ የጣፈጠ፣ ቅመሙም ከእውነተኛው ቅመም ይልቅ ከተቀመመ መዓዛ የመጣ ስለ ሆነ፣ በቤት በጥንቃቄ ከተሠራው ጋር ሊወዳደር አይችልም። በቤት የሚሠራውንም ቢሆን አብዛኛው ሰው የሚያበላሸው በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የወይን ጠጁን እንደ ወጥ አፍልቶ ያበስለዋል። ግሉቫይን ግን የሚበስል ሳይሆን የሚሞቅና የሚዘፈዘፍ መጠጥ ነው። እሳቱ ቅመሙን ይቀሰቅሰዋል እንጂ ጣዕሙን አይሠራውም፤ ጣዕሙን የሚሠራው፣ ድስቱ ከእሳት ወርዶ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ በዝምታ የሚቀመጥበት ጊዜ ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ከዚህ ነገር የሚመነጭ ስለ ሆነ፣ አንባቢው አስቀድሞ ይህን በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረጠው የወይን ጠጁ ነው። አንዳንዶች፣ ቅመሙና ስኳሩ ጉድለቱን ይሸፍነዋል ብለው፣ ለመጠጥ የማይሆነውን፣ የኮመጠጠውን ወይም ተከፍቶ የሰነበተውን ጠርሙስ ወደ ድስት ይገለብጣሉ፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሙቀት የወይን ጠጅን ነውር ይገልጠዋል እንጂ አይሸሽገውምና። በአንጻሩም ብዙ ገንዘብ የሚከፈልበትን፣ በበርሜል ለዓመታት የኖረውን የከበረ የወይን ጠጅ ለዚህ ሥራ ማዋል ብክነት ከመሆኑም በላይ ጉዳት አለው፤ ከኦክ እንጨት በርሜል የሚመጣው ጣዕም ከትኩስ ቅመም ጋር አይስማማም፤ አፍን የሚሰበስበው የቀይ ወይን ጠጅ ምሬትም በሙቀት ይብሳል። ስለዚህ የሚፈለገው መካከለኛ ዋጋ ያለው፣ ብቻውን በብርጭቆ ቢቀርብ ያለ ቅሬታ የሚጠጣ፣ ስኳር የሌለበት፣ ገና ወጣት የሆነና የፍሬው ጣዕም የጐላበት ቀይ የወይን ጠጅ ነው። ጀርመኖች ለዚህ ሥራ ዶርንፌልደርን፣ ሽፔትቡርጉንደርን፣ በደቡቡም በቩርተምበርግ አውራጃ ትሮሊንገርን ይመርጣሉ፤ ከእነዚህም ቀለሙ የጠቈረውና ፍሬው የበዛው ዶርንፌልደር፣ አውጉስት ሄሮልድ በቫይንስበርግ የወይን ምርምር ጣቢያ በ1955 እ.ኤ.አ. ያዳቀለው ዝርያ፣ በእኛ አስተያየት ለዚህ መጠጥ ከሁሉ የሚሻለው ነው። በአዲስ አበባ ለሚኖር አንባቢም ጉደር ወይም ከዝዋይ ወይን የሚጠመቀው ሪፍት ቫሊ ይበቃዋል፤ አክሱሚት ግን በተፈጥሮው ጣፋጭ ስለ ሆነ፣ እርሱን የመረጠ ሰው ከዚህ በታች የምንናገረውን ስኳር ከግማሽ በላይ መቀነስ አለበት።

መጠኑን ለስምንት ሰው እንውሰድ። እያንዳንዳቸው 750 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሁለት ጠርሙስ ቀይ የወይን ጠጅ፣ 120 ግራም ስኳር፣ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ የጣት ርዝመት ያላቸው ሦስት የቀረፋ እንጨቶች፣ ስምንት ፍሬ ቅርንፉድ፣ ሁለት ፍሬ ኮከብ የሚመስለው አኒስ፣ በጥቂቱ የተፈነከቱ አራት ፍሬ ሄል፣ ሁለት ብርቱካንና አንድ ትልቅ ቢጫ ሎሚ ያዘጋጁ። ከእነዚህ መካከል ቀረፋውና ቅርንፉዱ የማይቀሩ ናቸው፤ አኒሱም በዛሬው ልማድ እንደ እነርሱ ተቈጥሯል፤ ሄሉን ግን የወደደ ይጨምረዋል፣ ያልወደደ ይተወዋል። ስስ የዝንጅብል ቁራጭ ወይም ጥቂት የተፋቀ ገውዝ የሚጨምሩም አሉ፤ ሁሉን በአንድነት መጨመር ግን አንዱ የሌላውን መዓዛ እንዲውጠው ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም። በቅርንፉዱ ላይ በተለይ እጅዎን ይሰብስቡ፤ ከሁሉ ይልቅ ብርቱ ስለ ሆነ፣ ከመጠን ካለፈ ድስቱ በሙሉ የጥርስ መድኃኒት ይሸታል።

ቅመሙ ሁሉ እንዳለ፣ ሳይፈጭና ሳይደቅ ይግባ። የተፈጨ ቅመም መዓዛውን ፈጥኖ ቢሰጥም የወይን ጠጁን ያደፈርሰዋል፣ በጥሩ ማጥለያ እንኳ ተለይቶ አይወጣም፣ በኩባያውም ግርጌ እንደ አሸዋ ይቀመጣል። ስለ ቀረፋው ደግሞ፣ በገበያ ሁለት ዓይነት እንደሚገኝ ማወቅ ይጠቅማል፤ አንደኛው ወፍራም፣ ጠንካራና በአንድ ድርብ ብቻ የተጠቀለለ ሲሆን ጣዕሙ የሚያቃጥልና ጐልቶ የሚሰማ ነው፤ ሁለተኛው፣ ከስሪላንካ የሚመጣው፣ ብዙ ስስ ቅርፊቶች እርስ በርሳቸው የተጠቀለሉበት፣ በጣትም በቀላሉ የሚሰበር፣ መዓዛውም የረቀቀ ነው። ሁለቱም ለሥራው ይሆናሉ፤ ሁለተኛው ግን ለወይን ጠጁ ይበልጥ ይራራለታል።

ብርቱካንና ሎሚውን በሙቅ ውሃ በደንብ እያሹ ይጠቡ፤ በመደብር የሚሸጠው ፍሬ ብዙ ጊዜ እንዳይበላሽ በሰምና በመድኃኒት የተቀባ ስለ ሆነ፣ የሚቻል ቢሆን ልጣጩ ያልተነካውን መፈለግ ይገባል። ከዚያም ከአንደኛው ብርቱካን ባለ ቀለሙን የላይኛውን ልጣጭ ብቻ በስሱ ቢላዋ በረዣዥሙ ይላጡ፤ ከሎሚውም እንዲሁ ሁለት ስስ ልጣጭ ይውሰዱ። መዓዛ ያለው ዘይት የሚገኘው በዚሁ ባለ ቀለሙ ቅርፊት ውስጥ ነው፤ ከሥሩ ያለው ነጩ ክፍል ግን መራራ ነው፤ ወደ ድስቱ ከገባ፣ መጠጡ በቈየ ቍጥር ምሬቱ እየበረታ ይሄዳል። የተላጠውን ብርቱካን ጨምቀው ጭማቂውን ለብቻው ያቈዩ፤ ሁለተኛውን ብርቱካን በስሱ እየቈራረጡ ለኋላ፣ በኩባያ ለሚቀርብበት ጊዜ ያስቀምጡት።

ድስቱ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ወይም የኢናሜል ቅብ ያለው ይሁን። የወይን ጠጅ ኮምጣጣ ስለ ሆነ ካልተቀባ ብረት፣ ከአሉሚኒየምና ከመዳብ ጋር ይጣላል፤ የብረት ጣዕምም ያመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። ብዙዎች ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ ወደ ድስት ጨምረው እሳት ላይ ይጥዱታል፤ ነገር ግን ቅመም መዓዛውን ለመስጠት ብርቱ ሙቀትና ጊዜ ይፈልጋል፣ የወይን ጠጅ ደግሞ ብርቱ ሙቀትን አይችልም፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ እሳት ማስማማት አይቻልም። መፍትሔው ቅመሙን አስቀድሞ ለብቻው በስኳርና በውሃ ማፍላት ነው። ውሃውንና ስኳሩን በድስቱ ውስጥ ጨምረው በመካከለኛ እሳት ላይ ይጣዱት፤ ስኳሩ ሟሙቶ ሲጠራ ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱን፣ አኒሱን፣ ሄሉንና ልጣጮቹን ይጨምሩና እሳቱን ዝቅ አድርገው ክዳኑን ገጥመው ለዐሥር ደቂቃ ያህል በዝግታ ይንተክተክ። ቤቱ በመዓዛ ይሞላል፤ ሽሮፑም ቀለሙ ወደ ቀላ ያለ ቡና ዓይነት ይለወጣል። ይህ በሚሆንበት ጊዜ ድስቱን ከእሳት አውርደው ጥቂት ደቂቃ ያብርዱት፤ የወይን ጠጁ በሚፈላ ሽሮፕ ላይ ከወደቀ፣ ልንሸሸው ያሰብነው ጉዳት በመጀመሪያዋ ደቂቃ ይደርስበታልና።

ከዚህ በኋላ ሁለቱን ጠርሙስ የወይን ጠጅና የብርቱካኑን ጭማቂ ጨምረው ድስቱን ወደ አነስተኛ እሳት ይመልሱት። እዚህ ላይ ፈጽሞ መቸኰል አይገባም። ንጹሕ አልኮል በ78 ዲግሪ ይፈላል፤ በወይን ጠጅ ውስጥ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ሳለም፣ ሙቀቱ ከፍ ባለ ቍጥር ከውሃው ቀድሞ በእንፋሎት ይወጣል፤ ከእርሱም ጋር ረቂቁ የፍሬ መዓዛ አብሮት ይሄዳል፤ የቀረው መጠጥ ጐምዛዛና ድካም ያለበት፣ የተቀቀለ ፍሬ የሚሸት ይሆናል። ስለዚህ የምንፈልገው ሙቀት 70 ዲግሪ ገደማ ነው። የምግብ ቴርሞሜትር ያለው ሰው እርሱን ይከተል፤ የሌለው ግን ዓይኑን ይመን፦ ከድስቱ ላይ እንፋሎቱ በዝግታ መውጣት ሲጀምርና በጠርዙ ዙሪያ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ጥቃቅን አረፋዎች ለመታየት ሲቃረቡ፣ ሙቀቱ በቅቷል፤ አረፋው ከግርጌ እየተነሣ ወደ መካከል የመጣ እንደ ሆነ ግን ልክ አልፏልና ወዲያው ያውርዱት። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ የሚኖር አንባቢ ከዚህም የበለጠ መጠንቀቅ አለበት፤ በዚያ ከፍታ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ የወይን ጠጁም በጀርመን ቆላ ከሚፈላበት ቀድሞ ይፈላል፤ ስለዚህ 65 ዲግሪ ይበቃዋል።

ሙቀቱ ሲደርስ እሳቱን ፈጽመው ያጥፉ፣ ክዳኑን አጥብቀው ይግጠሙ፣ ድስቱንም በወፍራም ፎጣ ሸፍነው ይተዉት። ሠላሳ ደቂቃ ከሁሉ ያነሰው ጊዜ ነው፤ አንድ ሰዓት ግን ይሻላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የቅመሙ ጣዕም ከወይን ጠጁ ጋር ተዋሕዶ አንድ ይሆናል፤ ቀድሞ ከተጠጣ ግን ስኳሩ ለብቻው፣ ቅርንፉዱ ለብቻው፣ የወይን ጠጁም ለብቻው በአፍ ውስጥ ተለያይተው ይሰማሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ደግሞ ቅመሙን በውስጡ አያቈዩት፤ ሻይ ቅጠል በሙቅ ውሃ ብዙ ሲቈይ እንደሚመር፣ ቅርንፉዱና ልጣጩም እንዲሁ ያደርጋሉ። ጊዜው ሲሞላ በጥሩ ወንፊት አጥልለው ቅመሙን ያስወግዱ።

አሁን ይቅመሱት። ጣፋጭነቱን አስቀድመው በቀዝቃዛው ሳይሆን እንዲህ በሞቀው ላይ ይመዝኑ፤ ጣዕም ከሙቀት ጋር ይለወጣልና። ስኳር ካነሰ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ፤ ጣፋጭነቱ ከበዛ ግን የሎሚ ጭማቂ በጠብታ ያስተካክለዋል። ከስኳር ይልቅ ማር የሚወድ ሰው ማሩን በሽሮፑ ሳይሆን በዚህ ሰዓት ይጨምር፤ የማር መዓዛ በብርቱ ፍላት ይጠፋልና። የማር ግሉቫይን ከስኳሩ ይልቅ ለስለስ ያለ ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ ጸሓፊም ጣዕም የሚስማማው ይኸው ነው።

ሲቀርብ እንደ ገና በለሆሳስ ይሞቃል እንጂ አይፈላም። ኩባያው ወፍራም የሸክላ ወይም የፖርሴሊን ይሁን፤ በሙቅ ውሃም አስቀድሞ ይሙቅ፤ ትኩስ መጠጥ በቀዝቃዛ ኩባያ ላይ ሲወድቅ ወዲያው ይቀዘቅዛል። በጀርመን የገና ገበያ ኩባያው 0.2 ሊትር ይይዛል፤ ከተማውና ዓመቱ የተጻፈበት ጌጠኛ ዕቃ ነው፤ ጠጪው መያዣ ገንዘብ ይከፍልበታል፣ ሲመልሰው ገንዘቡን ይቀበላል፣ ወድዶት ቢወስደውም መያዣው ዋጋው ይሆናል፤ በዚህም ምክንያት በብዙ የጀርመን ቤት መደርደሪያ ላይ የየዓመቱ ኩባያ ተደርድሮ ይታያል። በኩባያው ውስጥ ያቈዩትን የብርቱካን ቍራጭ ይጣሉበት። ከመጠጡ ጋር የኑርንበርግ ሌብኩኸን፣ የድሬስደን ሽቶለን ወይም በስኳር የተጠበሰ ለውዝ ማቅረብ የአገሩ ልማድ ነው፤ እነዚህ ባይገኙም ሆድ ባዶ ሆኖ እንዳይጠጣ ዳቦ ወይም ኬክ አብሮ ይቅረብ።

ነጩ ግሉቫይን በተመሳሳይ ሥርዓት ይሠራል፤ ሆኖም የነጭ ወይን ጠጅ መዓዛ በቀላሉ ስለሚሸነፍ ቀረፋውንና ቅርንፉዱን በግማሽ ቀንሰው የሎሚ ልጣጭ፣ ዝንጅብልና ጥቂት ቫኒላ ይጨምሩ፤ ሪዝሊንግ ወይም ዚልቫነር ይስማማዋል፤ ማርም ለእርሱ ከስኳር ይሻላል።

ጠንካራ መጠጥ የሚወዱ ጀርመኖች በኩባያው ላይ 20 ሚሊ ሊትር ሮም ወይም አማሬቶ ይጨምራሉ፤ ይህን ሚት ሹስ ይሉታል። ከዚህ የሚልቅ፣ ለዓይንም ትርኢት የሆነው ፎየርትሳንገንቦውለ የተባለው ነው፤ በትኩሱ የወይን ጠጅ ድስት ላይ በብረት መያዣ ተደግፎ የሚቀመጠው ተራራ መሰል የስኳር ጕልላት፣ ከመቶ 54 እጅ የማያንስ አልኮል ባለው ሮም ርሶ ይለኰሳል፤ ስኳሩም በሰማያዊ ነበልባል እየቀለጠ ወደ ድስቱ ይንጠባጠባል። ሃይንሪኽ ሽፐርል በ1933 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ልብ ወለድና ሃይንትስ ሩማን የተጫወተበት የ1944 እ.ኤ.አ. ፊልም በዚሁ መጠጥ ስም የተሰየሙ ስለ ሆኑ፣ ጀርመኖች ፊልሙን በገና ሰሞን ሲመለከቱ መጠጡንም አብረው ያዘጋጃሉ። ይህን ለመሞከር የሚደፍር አንባቢ ከመጋረጃና ከልጆች ርቆ ያድርገው፤ ሮሙንም በጭልፋ እንጂ ከጠርሙሱ በቀጥታ በነበልባሉ ላይ ፈጽሞ አያፍስስ፤ እሳቱ በጅረቱ ላይ ወጥቶ ወደ ጠርሙሱ ይገባልና።

ሕፃናትና አልኮል የማይጠጡ እንግዶች ከዚህ ማዕድ እንዳይለዩ ጀርመኖች ኪንደርፑንሽ የሚሉትን አበጅተዋል። ግማሽ ሊትር የፖም ጭማቂና ግማሽ ሊትር በደንብ የተፈላ ከርከዴ ከዚያው ከቅመሙ ሽሮፕ ጋር በማዋሐድ ይሠራል፤ ከርከዴው ቀዩን ቀለምና የወይን ጠጅን የሚመስለውን ኮምጣጣነት ይሰጠዋል። የፖሙ ጭማቂ ራሱ ጣፋጭ ስለ ሆነ ሽሮፑን በጥቂቱ ብቻ ይጨምሩ። ድስቶቹ ግን ተለይተው ይቀመጡ፣ ኩባያዎቹም በዓይነታቸው ይለዩ፤ ሁለቱ በመልክ ስለሚመሳሰሉ ስሕተት በቀላሉ ይደርሳልና።

በጀርመን ለሚኖሩ ወገኖቻችን አንድ ነገር እንጨምር። የጀርመኖች ልደት ታኅሣሥ 16 ቀን የእኛ ጾመ ነቢያት ገና ሳይፈታ ይውላል፤ በጾሙ ወራት ከመጠጥ የሚታቀብ ምእመን በመሥሪያ ቤቱና በጎረቤቱ ግብዣ ላይ በኪንደርፑንሹ ሊሳተፍ ይችላል። የቅመሙን ሽሮፕ ግን በዚያው ሰሞን አዘጋጅቶ፣ አጥልሎ፣ በንጹሕ ጠርሙስ ሞልቶ በማቀዝቀዣ ቢያስቀምጠው ሁለት ሳምንት ስለሚቈይ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን ጾሙ ሲፈታ የወይን ጠጁን ብቻ ጨምሮ ማሞቅ ይበቃዋል። የተረፈው ግሉቫይንም ቢሆን ቅመሙ ከወጣለት በኋላ በጠርሙስ ተከድኖ በማቀዝቀዣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቈያል፤ በተደጋገመ ቍጥር ግን መዓዛው ስለሚደክም ከአንድ ጊዜ በላይ አያሙቁት።

በመጨረሻ ስለ አጠጣጡ። ግሉቫይን ጣፋጭና ትኩስ ስለ ሆነ አልኮሉን ያስረሳል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ኩባያ መካከል ያለው መንገድ አጭር ነው። በብርድ የሚሰጠው ሙቀትም የቆዳ ላይ ነው፤ አልኮል በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሰውነቱ የሞቀ ይመስለዋል እንጂ የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ እያስወጣ ነው፤ ስለዚህ በብርድ ውጭ የሚጠጣ ሰው ካፖርቱን አያውልቅ። ነፍሰ ጡር ሴቶች፣ መድኃኒት የሚወስዱና ከመጠጥ የታቀቡ ሰዎች በኪንደርፑንሹ ይስተናገዱ። በጀርመን ሕግ ለነጂ የተፈቀደው ከሺህ 0.5 እጅ ያነሰ የደም አልኮል ነው፤ አዲስ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ሰው ደግሞ ምንም አልተፈቀደም፤ እንግዳ የጋበዙ እንደ ሆነ፣ ኩባያውን ከመሙላትዎ በፊት ማን በመኪና እንደሚመለስ ይጠይቁ።